ሁለት ሰው ያጠጣው ላንታና

ፋርማሲስቷ በትዳር በኖረችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ባሏን ለመተረብ ርዕስ አጥታ አታውቅም፤ ርዕሱ በግቢው በር አጠገብ በቅሎላታልና። ላንታና ነው። አንዳንዱ ሰው የወፍ ቆሎ ይለዋል። ቅጠሉ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል፣ ግንዱ ይዋጋል፣ ሲነኩት የሚሸተው ሽታ ደግሞ ለሽቶም ለመድኃኒትም አይሆንም። በአበባው ግን አይታማም። በአንዲት ዘለላ ላይ መሃሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ቀይ ሆኖ ይፈካል፤ ትናንት ቢጫ የነበረው ዛሬ ቀልቶ ይገኛል።

ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ላንታናውን ገና ቅርንጫፍ ሳለ በኮቱ ኪስ ከቶ ከትምህርት ቤት ይዞት መጣ። እሾሁ የኮቱን ገበር ቀደደው። ገበሩን የጠገኑት ታላቅ እህቱ ናቸው፤ በዚያው ግቢ ከኋላ ባለችው ክፍል የሚኖሩት ልብስ ሰፊ። ሰፈሩ በሌሉበት "እትዬ መርፌ" ይላቸዋል። በሙያቸው ነው ቢባልም ምላሳቸውን የቀመሰ ሁሉ ሌላ ምክንያት አለው።

"የሰው ወንድም ዳቦ ይዞ ይገባል፣ የኔ ወንድም አረም በኪሱ ከቶ ይመጣል" አሉ ያን ቀን፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ።

ፋርማሲስቷም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት "ደህና አደርክ?" ማለቱን ትታ "አረሙ ደህና አደረ?" ትለው ጀመር።

"ይመስገን፣ አንቺንም ጠይቆሻል" ይላታል፤ መቀሱን ይዞ ይወጣል። የደረቀውን ዘለላ ይቆርጣል፣ የጎረቤት ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት አረንጓዴውን ፍሬ ይለቅማል። ጥሬው መርዝ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዷ በፊት በር፣ አንዷ በኋላ መስኮት ቆመው እየተቀባበሉ ይተርቡታል፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷቸው ይስቃል። ሳቁን በትከሻው ያውቁታል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም።

በተቀበረ በሳምንቱ እትዬ መርፌ በሩ ላይ ቆመው፣ "እንግዲህ ይሄን ነገር የሚነቅል ሰው ፈልጊ። ከእንግዲህ ልብሳችንን እየቀደደ ለማን ብለን እንቻለው?" አሉ።

"እኔ አልነካውም" አለች ፋርማሲስቷ። "ከፈለገ ይኑር፣ ካልፈለገ ይድረቅ።"

ሁለቱም ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። ቢተያዩ ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ባልመጣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፋርማሲስቷ ልኬት ያለበትን ጆግ ይዛ በእግር ጣቷ ወጣች። ሁለት ሊትር፤ ጠብታ አልበለጠም፣ ጠብታ አልጎደለም። ድምፅ እንዳይሰማ ጆጉን አዘንብላ በግንዱ ላይ እያንቆረቆረች አፈሰሰችው። በሦስተኛውም ቀን፣ በአሥረኛውም ቀን እንዲሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ማዳበሪያ በቢላ ጀርባ አስተካክላ ትበጠብጥለታለች። በእያንዳንዱ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ የምታነብ ሴት፣ ስለ ላንታና አንዲት መስመር አላነበበችም። ማንበብ፣ መጠየቅ፣ ለሰው ማማከር ሁሉ ግድ አለኝ ብሎ መፈረም መሰላት።

ቁጥቋጦው ወፈረ። ቅጠሉ ሰፋ፣ ቁመቱ ከአጥሩ በለጠ። አበባ ግን የለም። ፋርማሲስቷ ለማንም በሽተኛ የማታደርገውን አደረገች፤ መጠኑን በግምት ወደ ሦስት ሊትር ከፍ አደረገችው። በአራተኛው ወር ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር፤ ከግንዱ ሥር ጠቆረ፤ እጇን ስታስጠጋ እንደ ዱቄት የነጡ ጥቃቅን ዝንቦች ቡን ብለው ይነሳሉ።

አንድ ቀን መነጽሯን ረስታ ወጥታ ኖሮ በእኩለ ቀን ተመለሰች። የግቢውን በር ከፈት ስታደርግ እትዬ መርፌን ጀርባቸውን ሰጥተው አየቻቸው። ትልቅ ሳፋ አዘንብለው የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ሥሩ ላይ ያፈሳሉ፤ እያፈሰሱም ያወሩታል።

"ጠጣ፣ የኔ ደረቅ። ሚስትህ እንደሆነች ረስታሃለች።"

"እትዬ!"

ሳፋው ከእጃቸው አምልጦ እየተንከባለለ በሩ ድረስ ሄደ።

"አቧራውን ላጥብለት ብዬ ነው" አሉ እትዬ መርፌ፣ ቀና ብለው።

"የሥሩን አቧራ?"

"ምን አገባሽ? አንቺ እንደሆንሽ ጠብታ አላቀመስሽውም። ይድረቅ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ይነቀል ያሉትስ እርስዎ አይደሉም? እኔ ጠብታ አላቀመስኩትም? በየጠዋቱ ሁለት ሊትር! ካለፈው ወር ወዲህ ሦስት!"

ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማችው። እትዬ መርፌ አንድ እርምጃ ቀረቧት።

"ሦስት ሊትር?"

"እርስዎስ?"

"አንድ ሳፋ" አሉ ቀስ ብለው። "እሁድ እሁድ ሁለት።"

ሁለቱም ወደ ቁጥቋጦው ዞሩ። መሬቱ ረግረግ ሆኖ ያብረቀርቃል። ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ ግንዱን ጫን ብታደርገው ልጡ እንደ በሰበሰ ድንች ከጣቷ ሥር ሸሸ።

"ገደልነው እኮ" አለች።

እትዬ መርፌ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመቁ። "መጽሐፎቹ አሉ" አሉ። "ኮቱም አለ። የሚያድግ ነገር ግን ይሄ ብቻ ነበር።"

ፋርማሲስቷ ያን ቀን መነጽሯን ሳታነሳ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ከሰዓት በኋላ ያሉትን ማዘዣዎች ሁሉ ሌላ ሰው አነበበላት።

በማግስቱ ከችግኝ ጣቢያው አትክልተኛ ተጠራ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል እንደ ዘር እየቆጠረ የሚያወጣ ሰው ነው። ጫማውን ከጭቃው ነቅሎ ጣቱን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተተ፤ አውጥቶም አየው።

"ሩዝ ነው እንዴ የተከላችሁት?"

ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

"ማነው የሚያጠጣው? ዝናብ ነው እንዳትሉኝ፤ ዝናብ ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል።"

"ሰፈሩ ደግ ሰው የበዛበት ነው" አሉ እትዬ መርፌ።

አትክልተኛው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ፋርማሲስቷን አየ። የገባው ይመስላል፤ ግን ጨዋ ነው። "እናቶቼ" አለ፣ "ላንታና ሲረሱት ነው የሚያምርበት። ፀሐይ ካገኘ ዞር በሉለት። ሁሉ ነገር ከተመቸው ቅጠሉን ያንዠረግጋል እንጂ ምን አስጨንቆት ያብባል?"

"እንደ ወንድ ልጅ በለኛ" አሉ እትዬ መርፌ።

"እኔ አልወጣኝም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ለሰው ብቻ አይምሰላችሁ።" ይህን ብሎ ከላይኛው ግንድ ላይ ልጡን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። ከሥር ቀጭን አረንጓዴ መስመር ታየ። "አለ" አለ። "ገና ነው፣ አለ።"

ፋርማሲስቷ ቶሎ ብላ ወደሚቀናት ነገር ገባች።

"መጠኑ ስንት ይሁን?"

"የምኑ?"

"የውሃው።"

"ዜሮ።"

"በቀን?"

"በቀንም፣ በሳምንትም። አፈሩ እስከዚህ ድረስ ደርቆ ጣትዎ ላይ ካልተራገፈ ጠብታ እንዳያዩት። ማዳበሪያ ካለም ለሌላ ይስጡት። የበሰበሰውን ሥር እኔ አነሳለሁ፣ አሸዋም እቀላቅልበታለሁ። ከላይ ግን በጉልበት ልክ መቆረጥ አለበት። ልቁረጠው?"

"አይ" አለች ፋርማሲስቷ። "እኛው እንቆርጠዋለን።"

"ይድናል ወይ?" አሉ እትዬ መርፌ።

"በአምስት በስድስት ሳምንት ይናገራል። ካልተናገረ ግን ሥሩ አልቋል ማለት ነው፤ ሌላ ችግኝ አመጣላችኋለሁ።"

"ሌላ አንፈልግም" አሉ ሁለቱ እኩል። ከዚያም እኩል በመናገራቸው ተናደዱ።

ቅዳሜ ጠዋት መቀሱ ከዕቃ ቤት ዝጎ ተገኘ። እትዬ መርፌ የስፌት መኪና ዘይታቸውን አምጥተው አፉን እስኪከፍት አሹት። ፋርማሲስቷ የፋርማሲ ጓንት አድርጋ ብትወጣ በመጀመሪያው እሾህ ተበሳ።

"ይሄ ጓንት ነው ወይስ ፊኛ?" አሉና ከጂንስ ቁራጭ ደርበው የሰፉትን ወረወሩላት። ልኳ ነበር። መቼ እንደለኳት አልጠየቀችም።

ከዚያ ክርክሩ መጣ።

"በጉልበት ልክ ነው ያለው" አለች ፋርማሲስቷ። "በማን ጉልበት? በእርስዎ ከሆነ ምንም አይተርፈውም።"

"በአንቺ ከሆነ ደግሞ ምንም አልተቆረጠም። የአንቺ ጉልበት እኮ የሌላ ሰው ወገብ ነው።"

"የኔ ይሻላል። አብዝቶ ከመቁረጥ አሳንሶ መቁረጥ ይመረጣል።"

"አየሽ? አጠጪ ሲሉሽ ሦስት ሊትር፣ ቁረጪ ሲሉሽ በጠብታ።"

"ማን አጠጪ አለኝ?"

"እሱን ተይው።" እትዬ መርፌ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ሊለኩኝ ነው ብላ ፋርማሲስቷ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እሳቸው ግን እሷንም ራሳቸውንም አልለኩም። የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ፣ ከግንዱ ሥር አስይዘው ወደ ላይ ሳቡት፤ ከኪሳቸው የልብስ ጠመኔ አውጥተው ግንዱ ላይ ነጭ መስመር አሰመሩ። ወደ ሁለተኛው ግንድ አለፉ፤ ከዚያም ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው።

"ሃምሳ ሁለት" አሉ።

"የማን ልክ ነው?"

"የማን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ሱሪውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከጉልበቱ እስከ መሬት ሃምሳ ሁለት። ግራው በግማሽ ሴንቲ ያንሳል።"

"ግራው ያንሳል?"

"ከልጅነቱ ነው። ከግንብ ወድቆ።"

ፋርማሲስቷ ነጩን መስመር አየችው። "አላውቅም ነበር" አለች።

"እንዴት ታውቂ፤ ሱሪው እኩል ነበራ።"

ፋርማሲስቷ የቀኝ እጇን ጓንት አስተካከለች። ጓንቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ ቢሆንም ደህና አድርጋ፣ ጣት በጣት፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ አስተካከለችው። እትዬ መርፌም ሜትሩን ሲጠቀልሉ እየተፈታባቸው ደጋግመው ጠቀለሉት።

ከዚያ መቀሱን አነሳችና በመስመሩ ላይ ቆረጠች።

ሲጨርሱ ከዚያ ሁሉ ቅጠል የቀረው እንደ ከዘራ የቆሙ አራት ግንዶች ናቸው። ቃል ለቃል ተሰጣጡ፤ ቃል ብቻውን ስለማይታመን ደግሞ መያዣ ተለዋወጡ። ጆጉ በእትዬ መርፌ ቁም ሣጥን ተቆለፈ፣ ሳፋው በፋርማሲስቷ ወጥ ቤት ታሰረ። እትዬ መርፌ የስፌት መኪናቸውን በሩ ወደሚታይበት መስኮት አዛወሩ፤ ለብርሃኑ ነው አሉ። ፋርማሲስቷ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትከታለች፤ መኪናው ቀጥ ይላል። ጣቷን አራግፋ ስትነሳ መኪናው እንደገና ይንጣጣል።

"ምነው፣ አጥር ልታጥሩ ነው?" አለ አንድ ጎረቤት፣ ግንዶቹን አይቶ።

"አዎ፣ ወሬኛ እንዳይገባ" አሉ ከመስኮቱ።

አንደኛው ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። አፈሩ ደርቆ እንደ አሸዋ ተራገፈ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ግንድ እስከ ታች ግራጫ ሆነ፤ በአራተኛው ሁለተኛው ተከተለው። ፋርማሲስቷ በጥፍሯ ልፋቅ አልፋቅ እያለች እጇን ሰድዳ ትመልሳለች። እትዬ መርፌ እንኳ መተረባቸውን ቀነሱ፤ ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

በስድስተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት ፋርማሲስቷ በግንዶቹ ፊት ቁጢጥ ስትል ከሦስተኛው ግንድ አንጓ ሥር፣ መሬት ሊነካ ሲቀርበው፣ ጥንድ ቅጠል አየች። ቅጠል ለማለትም ገና ነው፤ የሩዝ ፍሬ ያህል ናት። መነጽሯን አውልቃ አየችው፤ አድርጋም አየችው። በጣቷ ጫፍ ስትነካው ሻከራት።

ከመስኮቱ ድምፅ መጣ። "አየሽው?"

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ። ከትናንት ወዲያ ነው የወጣው።"

ፋርማሲስቷ ዞረች። "ከትናንት ወዲያ አይተው ሁለት ቀን ዝም አሉኝ?"

"ራስሽ እንድታገኚው ብዬ ነው። ዓይንሽ እንዲህ መድከሙን ባውቅ ኖሮ መቼ እጠብቅሽ ነበር! ጉድ እኮ ነው፤ ሁለት ቀን አፌን ይዤ መኖሬን ለሰው ብነግር ማን ያምነኛል?"

"እኔ ራሴ አላምንዎትም።"

እትዬ መርፌ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ጥንዷን ቅጠል ጎንበስ ብለው አዩዋት፣ አራተኛውንም ግንድ ዞረው አዩት፤ እሱ ላይም አንዲት ነጥብ ያለች መሰላቸው፤ ፋርማሲስቷ ግን የወፍ ኩስ ነው አለች። ፀሐዩ ጠንከር እያለ መጣ።

"እኔ የምለው" አሉ እትዬ መርፌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አሁን እንግዲህ ከዳነ፣ አንዲት ብርጭቆ ውሃ ብቻ..."

"እትዬ!"

"ለራሴ ነው ያልኩት! ጠምቶኝ ነው።"

ፋርማሲስቷ ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣችላቸው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እስኪጠጡትም ድረስ ከፊታቸው ቆማ ጠበቀች።