የዮዲ እጅ

በ1996 ዓ.ም. እኔና ዮዲ ለአቃቂ ባቡር ሰፈር ድረ ገጽ ስንሠራ ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም ነበር። ፊደሉን የጫነ ያነባል፤ ያልጫነ ባዶ ሳጥን ያያል። ዮዲ ነገር ማወሳሰብ ስለማትወድ የሰፈሩን ታሪክና የባቡር ሠራተኞቹን ስም በነጭ ወረቀት ላይ በእጇ ጻፈችው። ሳሪስ ሄደን ስካን አስደረግነው፤ እኔም ሥዕሉን ቆራርጬ በሠንጠረዥ ውስጥ ሰካካሁት።

የዛሬ ልጆች ያንን ቢያዩ ይስቁብናል። ይሳቁ። ከላይ ሰላምታችን ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ ከታች የጎብኚ መቁጠሪያ አለን፤ አብዛኛው ጎብኚ እኛው ነን። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር እየጮኸ ሲገባ የዮዲን እናት፣ እትዬ በላይነሽን፣ ስልኩን እንዳያነሱብን እንለምናቸው ነበር። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዮዲ ታማ ሞተች። በክረምቱ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ቤታቸው ገባና ወረቀቱንም ደብተሮቿንም ጠራርጎ ወሰደ። ከእጅ ጽሑፏ የተረፈው ገጹ ላይ ያለው ብቻ ነው። እትዬ በላይነሽ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኢንተርኔት ቤቴ ጎራ ይላሉ። «ነቢዩ፣ ልጄን ክፈትልኝ» ይሉኛል፤ እከፍትላቸዋለሁ።

በ2007 የሰፈሩ ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ሁንዴ መጣ። ገጹ በሞባይል አይነበብም፣ በሥዕል የተጻፈን ማንም ፈልጎ አያገኘውም፣ ሥዕሎቹን አውጥተህ በፊደል ጻፈው አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው። ኮምፒዩተር አማርኛ ከተማረ ቆይቷል።

ሁሉንም ተየብኩት። አዲሱ ገጽ በሁንዴ ስልክ ላይ ወዲያው ተከፈተ፤ ደስ አለው፤ እውነት ለመናገር እኔንም ደስ አለኝ። እሁድ እትዬ በላይነሽ ሲመጡ አሳየኋቸው፤ ዮዲ ከጻፈችው አንድም ቃል አልጎደለም አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት።

«ቃሉስ የሷ ነው» አሉ። «እጇ የት ሄደ?»

እዚያው ተቀምጠው እያዩኝ የእጇን ጽሑፍ ከታሪኩ ሥር መለስኩት። በአሁኑ የድረ ገጽ ደንብ ሥዕል ሁሉ ምንነቱን የሚናገር ቃል ሊጻፍለት ይገባል፤ ሥዕሉ እስኪመጣ ቃሉ ይታያል። ድሮ ባዶውን ነበር የምንተወው። አሁን «ዮዲ በእጇ የጻፈችው» ብዬ ጻፍኩለት። ሁንዴ ገጹን ያከብደዋል ብሎ አጉረመረመ። ይክበድ አልኩት።

ዛሬ እትዬ በላይነሽ የእህታቸው ልጅ የሰጠቻቸው ሞባይል አላቸው። የአቃቂን ኔትወርክ መቼም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የእኔ ቃል ይታያል፤ እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ፊደሎቿ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይመጣሉ። አንድ ቀን አሳዘኑኝና ሥዕሉን ስልኩ ላይ ላስቀምጥልዎት፣ መጠበቁ ይቀርልዎታል አልኳቸው።

«ተወው» አሉኝ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ። «ስትመጣ ልያት።»