ባዶ የቀሩት ሰባት ወራት

ስቬንያ ሦስት የሥራ ማመልከቻ ወረቀቶች ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ "አባዬ፣ እስቲ የፊደል ግድፈት ካለ እይልኝ" አለችው።

ፎልከር የፊደል ግድፈት የሚያይ ሰው አይደለም። ዘጠነኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሶ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለሥራ ጣራ ላይ የወጣ ሰው ነው። ልጁም ይህን ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል። ሆኖም ሠላሳ ስምንት ማመልከቻ ልካ ሠላሳ ስምንት ጊዜ "እናዝናለን" የተባለች ልጅ፣ ሰው አጠገቧ እንዲቀመጥላት ብቻ ፈልጋ መሆኑ ስለገባው መነጽሩን አደረገ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት አርብ የአምስት ወር የሥራ ልምምድ የሚሰጣት ድርጅት አስፈርማ ለኮሌጁ ካላቀረበች ሴሚስተሩ ይቃጠልባታል። አብረዋት የጀመሩት ሊመረቁ ነው። እሷን ወደ ኋላ ያስቀራት ምን እንደሆነ ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም።

ወረቀቶቹ የሦስት ሰው ይመስላሉ። አንዱ ለጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ አንዱ ለኢንሹራንስ ነው፤ ሦስተኛው ተገልብጦ ተቀምጧል። በአንዱ ላይ በተለጠፈው ፎቶ ፀጉሯን ለቃ ፈገግ ብላለች። በሌላው መነጽር አድርጋ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ፣ ከንፈሯን ገጥማለች።

"ከአንድ በላይ ሴት ልጅ እንዳለኝ ዛሬ ገና ሰማሁ" አለ ፎልከር። "ይቺኛዋ ጥሩ ልጅ ትመስላለች። ባለ መነጽሯ ግን ታስፈራለች።"

"እሷ የኢንሹራንሷ ናት።"

"ለካ ለሱ ነው!"

ስቬንያ ልትስቅ ሞከረች፤ አልወጣላትም። ፎልከር በጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ጣቱ የዛሬ ሦስት ዓመት መጋቢት ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ፖርቹጋል መቼ ነው የሄድሽው?"

"አልሄድኩም።"

ሁለተኛውን ወረቀት ሳበ። እዚያ ደግሞ ከመጋቢት እስከ መስከረም ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒውተር የሂሳብ ሥራ ኮርስ ትወስድ ነበር። ፎልከር እነዚያን ሰባት ወራት ያስታውሳቸዋል። በብብቱ ይዛ ከአልጋ ታነሳው ነበር። የእግሩን ጥፍር ትቆርጥለት፣ ሽንቱን ትደፋለት ነበር። ነርሷ የምትመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ የቀረውን ሁሉ የሠራችው ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ የነበረችው ይቺው ናት።

"የኮሌጁ አማካሪ ናት እንደዚህ አድርጊ ያለችኝ" አለች ስቬንያ፣ አንገቷን ደፍታ። "ክፍት ወር ካዩ ታስራ ነበር ወይ ትጠጣለች ነው የሚሉት። አባቴን ሳስታምም ነበር ካልኩ ደግሞ ነገም ታሞባት ትቀርብናለች ይላሉ። ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚወደውን አስቀድሚለት አለችኝ።"

"እኔን የሚወድ የለማ።"

"አባዬ፣ በናትህ!"

ሦስተኛውን ወረቀት ገለበጠ። ከላይ የተጻፈውን ስም ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ብሪንክማን፣ የጣራ ሥራ ድርጅት። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ከመጋቢት እስከ መስከረም፦ በሥራ ላይ ከጣራ ወድቆ የተጎዳውን አባቴን አስታምሜያለሁ። አባቴ በድርጅታችሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ፎርማንነቱን ሲጠይቅ የድርጅቱ ባለቤት ብሪንክማን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "ፎልከር፣ አንተ እጅ ነህ። ለዚህ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ" ያለው ቀን ዛሬም ከጆሮው አልወጣም። ሹመቱን ሸክላ ከሸክላ ለማይለይ፣ እናቱ ያሰረችለትን ሻርፕ ላልፈታ ጎረምሳ ሰጠበት። በኋላ የደህንነት ገመዶቹን መኪናው ውስጥ እንደጫነ ወደ ሌላ ሥራ የነዳው ያ ጎረምሳ ነው። ፎልከር ጣራው ላይ ያለ ገመድ ቀረ፤ ወደቀ። ድርጅቱ ለመርማሪዎቹ ገመዱ እዚያው ነበር፣ ሰውዬው ነው ያላሰረው ብሎ ጻፈ። ፎልከርም ገመዱ አልነበረም ብሎ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈላቸው። የመጣለት መልስ አራት መስመር ነበር።

"ስሜን ተሸክመሽ እዚያ ሰውዬ ደጅ ልትቆሚ ነው?"

"ያልዋሸሁበት እሱ ብቻ ነው።"

"ከሌላው ቦታ ፍቀሽኝ ለሱ ታቀርቢኛለሽ?"

"ደክሞኛል፣ አባዬ!" አለች ስቬንያ። ድምጿ ግን ከፍ አላለም። "ስለ ፖርቹጋል ቢጠይቁኝ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ የሊዝበንን ካርታ ሳጠና ነበር። የትራሙን ቁጥር ሳይቀር ሸምድጃለሁ። አንድ ቦታ እንኳ የሆነውን ልጻፍ ብዬ ነው። ካልፈለግክ እተወዋለሁ።"

ፎልከር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። የሚናገረው ብዙ ነበረው። ልጅቷ ግን ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተደግፋ፣ ከጣራ ሥራ የተመለሰ ሰው መስላ ነበር የተቀመጠችው።

"ላኪው" አላት። "ግድፈት የለውም።"

ሰኞ ከጭነት ድርጅቱ መልስ መጣ፤ እናዝናለን። ከኢንሹራንሱ ምንም የለም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ስቬንያ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው ዘንድ ስለነበረች ፎልከር አነሳው።

"ፎልከር! ብሪንክማን ነኝ። አለህ እንዴ?"

"አለሁ።"

"ወገብህስ?"

"እዚያው ነው።"

"ጎሽ፣ ጎሽ። የልጅህ ወረቀት ደርሶኛል። ጎበዝ ናት፤ ማንን ወጣች?" ብሎ ሳቀ። ፎልከር አልሳቀም። "ቢሮ ውስጥ ሰው ያስፈልገኛል፤ ነገ ብትጀምርም ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 'በሥራ ላይ ወድቆ' ብላ ጽፋለች። ምንድን ነው ነገሩ? ጠበቃ ይዛችኋል?"

"ልጅቷ የሆነውን ነው የጻፈችው፣ አቶ ብሪንክማን።"

"የሆነውማ ድሮ ተጽፎ አልቋል። ፋይል የምታገላብጥ፣ የድሮ ነገር የምትቆፍር ልጅ ቢሮዬ ላስቀምጥ አልችልም። ይገባሃል አይደል? ከአንተ አፍ ልስማው። ገመዱ ነበር ወይስ አልነበረም?"

ፎልከር ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ቢጠይቀኝ እንዲህ እለዋለሁ እያለ ለመላጫው መስታወት ሲናገር ኖሯል። ቃሉን አንድ በአንድ ያውቀዋል። ስቬንያ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ማን ነው በሚል ቅንድቧን አነሳች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ገመዱ ነበር" አለ ፎልከር።

"እና?"

"እኔ ነኝ ያላሰርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አየህ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላካት፤ ውሉን እፈርምላታለሁ።" ስልኩ ተዘጋ። ሰውዬው ምስጋና እንኳ አልጠበቀም።

ስቬንያ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ገመዱ መኪናው ውስጥ ነበር ያልከኝ።"

"መኪናው ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"አርብ ነው አላልሽም? ብሪንክማን ነገ ጠዋት ይፈርምልሻል።"

"አልሄድም።"

"ትሄጃለሽ።"

"እዚያ ቁጭ ብዬ የዚያን ሰውዬ ስልክ ላነሳለት? ቡና ላቀርብለት?"

"አምስት ወር ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችዬዋለሁ። ፊርማውን ውሰጂና አፍንጫህን ላስ በዪው፤ በሆድሽ ግን።"

ልጅቷ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለች። የምትቆጣበት ጉልበት የት ታምጣ? ከቅርጫቱ እርጥብ ሸሚዝ አንስታ ረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ቆመች። ውኃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

"አውቶቡሱ የት ነው የሚያወርደው?" አለች በመጨረሻ።

"ድልድዩን እንደተሻገረ፣ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ። ግቢው ረጅም ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ ነው። ሌላ ጫማ በቦርሳ ያዢ።"

ፎልከር ሸሚዙን ከእጇ ተቀብሎ መስኮቱ ሥር በተወጠረው የልብስ ገመድ ላይ ማስጣት ጀመረ። ማጎንበስ ስለማይችል እሷ ከቅርጫቱ እያነሳች፣ እያራገፈች ታቀብለዋለች። ቅርጫቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጠሉ።