ድልድዩን ያስወጣሁበት እሑድ

በጌም ቤታችን ስሜ አንቀጽ ነው። ያወጣልኝ አብሮን የሚጫወተው ጎሚስታ ነው። አዘቦት ቀን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስቆልል እውላለሁ፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል የፍልሚያ ጨዋታ ውድድር እዳኛለሁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት አንቀጽ፣ በሁለት ገጽ፣ ከነማኅተሙ። ማኅተም ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን ደህና መልስ አላገኘም።

ከአሥራ አራቱ የሚያጨቃጭቀን አንዱ ነበር፤ ስለ ድልድዩ የሚናገረው። ጨዋታው አምስት መድረክ አለው። አራቱ ዝም ብለው የተዘረጉ ወለሎች ናቸው። አምስተኛው ግን ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ተፋላሚዎቹ እየተደባደቡበት ይሰበራል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ መሃል ላይ፤ መቼ እንደሚሰበር ማንም አያውቅም። ሳንቃው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብልጭ ይላል፣ ያላየ ይወድቃል። የትኛው መድረክ እንደሚደርስህ ማሽኑ ራሱ በዕጣ ያወጣል።

ባለፈው ዓመት ፍጻሜ ላይ ጎሚስታው ሲመራ ቆይቶ ከድልድዩ ወደቀና ዋንጫው ለእህቴ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ሲፈታም ሲያጣብቅም ወሬው ያው ነው። “እኔ የገጠምኩት ሰው ነው እንጂ ሳንቃ አይደለም። ይሄ ፍትሕ ነው?” ይለኛል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ “ድልድዩ አያዳላም። ሲሰበር ለሁለታችሁም ነው። አንተም ታያለህ፣ እሷም ታያለች” እለው ነበር። ይህን መልሴን እንዴት እወደው እንደነበር!

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ጌም ቤት ውስጥ መርፌ ይሏታል። ለሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ትልልቅ ምት አትወድም፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ነው የምትጨርስህ። ከዋንጫው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነጭ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ አልታይ አላት። ቀጥሎ ጥቁሩም ጠፋባት። የዓይን ሐኪሙ እይታዋ ከመሃል ጀምሮ እየጠፋ መሆኑን፣ ወደ ኋላም እንደማይመለስ ነገራት። የዓይኗ ዳር ገና ስለሚሠራ መንገድ ላይ ላያት ሰው ደህና ናት። ከሐኪሙ ሌላ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጫወቱን ግን አልተወችም። ማዳመጫ አጥልቃ በጆሮዋ ትጫወታለች። የተጋጣሚዋ እርምጃ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ ታውቃለች። የእግር ምት ከመምጣቱ በፊት ልብስ እንደመንኮሻኮሽ ይላል፣ ቡጢ ግን እንደዚያ አይልም። ይህን ሁሉ በጥቂት ወራት ለቀመችው። እኔ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ ከአሥር ጨዋታ ሁለቱን ካሸነፍኳት እድለኛ ነኝ። ድልድዩ ላይ ግን ወንዙና ነፋሱ ድምፁን ሁሉ ይውጡታል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከመጀመሪያውም ድምፅ የለውም።

“አንድ ውድድር ብቻ” አለችኝ የስፌት መኪናዋን እየሸፈነች። “ከዚያ ለሁሉም ራሴ እነግራለሁ፣ እተወዋለሁም። እስከዚያ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ካወቁ ያዝኑልኛል። ጎሚስታው ድልድዩ ነው ያሸነፈልሽ እያለ ዓመት ሙሉ ነዝንዞኛል። ከእሱ ጋር አንድ የምር ጨዋታ ነው የምፈልገው። ብሸነፍም ልሸነፍ።”

“ድልድዩ በዕጣ ከወጣስ፣ እህት ዓለም?”

“ከአምስት አንዱ ነው። ከወጣ እወድቃለኋ! እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ እንዴ?”

ቃል ገባሁላት። የምሬን ነበር የገባሁት። ግን መዝገብ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ እሷ በሰው ፊት ስትወድቅ፣ ለምን እንደወደቀች ሳታውቅ ጆይስቲኩን ስትጫን፣ ከኋላ አንዱ ሲስቅ ነው። ድልድዩን ከውድድሩ ላስወጣው ወሰንኩ።

ጉዱ የመጣው ከራሴው አንቀጽ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ የተመዘገቡት ተጫዋቾች በሙሉ ካልፈረሙ በስተቀር ደንብ አይቀየርም። የጻፍኩት የጎሚስታውን አፍ ለመዝጋት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ዘንድ ነው፤ ዓመት ሙሉ የለመነኝን ነገር ይዤለት ስሄድ እጄን የሚስም መስሎኛል። የጎማ ካላመዳሪ ውሃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል።

“ድልድዩን እናውጣው” አልኩት።

ቀና አለ። “ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?”

“ሳስበው አንተ ልክ ነህ። ፍትሐዊ አይደለም።”

“አልፈርምም።”

“ምን?”

“ስለምንህ በአንቀጽ ስታባርረኝ ከረምክ። ዋንጫው እህትህ ቤት ከገባ በኋላ ነው ፍትሕ የታየህ? እኔ ድልድዩን ተለማምጄዋለሁ ወንድሜ። ስንጥቅ ሳይ ነው ዓመቱ ያለቀው። አንድ የደበቅከኝ ነገር አለ። ካልነገርከኝ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።”

እዚያች ላይ ምላሴን መንከስ ነበረብኝ። አልነከስኩም፤ ነገርኩት። እጁ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በረጠበ እጁ ብዕሩን ተቀብሎኝ ፈረመ።

“ለማንም እንዳትናገር” አልኩት።

“ምን ሆኜ ነው የምናገረው?”

የቀሩትም እንደ እሱ ናቸው፤ ለምን የሚል ጥያቄ ሳያነሣ የሚፈርም አንድ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩም፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅም፣ ሌሎቹም። ምስጢሩን ለሰባት ሰው፣ ለእያንዳንዳቸው በምስጢር ነገርኩ። ሰባቱም አንገታቸውን ደፍተው ፈረሙ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቶሎ ያለቀ ጉዳይ አላስታውስም። ስምንተኛዋ ፈራሚ እህቴ ነበረች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “ጎሚስታው ድልድዩ ካልወጣ አልጫወትም ብሎ አስቸገረን” አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ወረቀቱን ወደ ጎን አዘንብላ በዓይኗ ዳር መስመሩን ፈለገችና ፈረመች። “በመጨረሻ አሸነፈህ አይደል?” አለችኝ።

እሑድ መጣ። የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ሲጫወት ወንበር የሚረግጥ፣ ሲመታ የሚጮህ ሰው ነው። ያን ቀን አልጮኸም። ሲሸነፍ እንኳ “ጎበዝ፣ ጎበዝ” ነው ያለው። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኛል። ጆሮዋ እንዴት ሠላ እያልኩ ውጤት እጽፋለሁ። የመድኃኒት ቤቱን ልጅ ስታሸንፈው ግን ፊቷን አየሁት። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን ነካ ነካ አደረገችው፣ የተበላሸ እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ መልሳ አጠለቀችው።

ፍጻሜው ከጎሚስታው ጋር ሆነ። ዕጣው ያወጣው ከጠፍጣፎቹ ወለሎች አንዱን ነው። የመጀመሪያውን ዙር ሳትለፋ ወሰደች። በሁለተኛው ዙር ትንሽ እየመራች ሳለ፣ ሰዓቱ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው፣ ሁለት እጇን ከጆይስቲኩ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ የእሷ ተፋላሚ ዝም ብሎ ቆመ። የጎሚስታው ተፋላሚ አንድ እርምጃ ቀረብ አለና እሱም ቆመ። አንዲት ቡጢ ብትጀመር የእሷ ሰውዬ እስኪወድቅ ድረስ የሚያስቆማት አልነበረም። ጎሚስታው ጆይስቲኩን ጭብጥ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ላብ ነበር፣ የሚለምነኝ ይመስላል። እኔ ዳኛው ነኝ፤ ሆን ብሎ አለመጫወት በአንቀጽ አሥራ አንድ ያስቀጣል። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ውጤት ወረቀቱ መለስኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰዓቱ ሲቀንስ ያያል። እሷ ብቻ ናት ያላየችው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትጠብቀው ምት እስኪመጣ ታዳምጣለች። አልመጣም። ሰዓቱ አለቀ፣ ማሽኑ አሸናፊነቷን አወጀ፣ ጭብጨባው ከልክ በላይ ረዘመ።

ዋንጫውን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ሁሉንም ጨበጠች። ጎሚስታውን ስትጨብጠው “በርታ” አለችው፣ ሌላ ነገር አልነገረችውም። ከክፍሉ ወጥተን በሩን ስዘጋው ደረጃው አፍ ላይ ቆመች።

“ለስንቱ ነገርክ?”

መዋሸት አልቻልኩም። “ለሰባቱም።”

“ከመጀመሪያው ጨዋታ ነው ያወቅኩት። የእግር ምቱን ከሰማሁ በኋላ ቆይቼ፣ እስከ ሦስት ቆጥሬ እመክታለሁ፤ ያም ሆኖ አይመቱኝም። የመጀመሪያ ቀን ጀማሪ እንኳ እንደዚያ አይስትም። ማዳመጫው ነው የተበላሸው ብዬ ነበር። ምነው በሆነ!”

“እንዳትወድቂ ብዬ ነው፣ እህት ዓለም።”

“መውደቅ እኮ እችል ነበር” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። “ድልድዩ ቢሰበር ለእሱም ነበር የሚሰበረው። አንተ ግን ሰዎቹን ነው የቀየርክብኝ። ለእኔ ብቻ። አሁን ብድግ ብዬ እንጫወት ብላቸው ማን ነው የሚመታኝ?”

መልሴን አልጠበቀችም። ዋንጫውን በግራ ብብቷ ሸጉጣ በቀኝ እጇ ክንዴን ያዘች፤ ደረጃው አልታይ ስላላት ነው እንጂ ይቅር ስላለችኝ አልነበረም።