ከመሪጌታ ጋር በዕብራይስጥ የተጣላሁ ዕለት

ሰው «በዚህ ዕድሜህ ኮሌጅ ምን አስገባህ?» ሲለኝ «ሻንጣ» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ አወቀ በወይዘሮ ይመኙሽ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ሻንጣና ድንኳን ማኪና ጣራ ላይ የምጭን ሰው ነኝ። ከእስራኤል የሚመጡ እንግዶች ጎንደርን አይተው ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጡ ዕቃቸው በእኔ እጅ ያልፋል። አስጎብኚዎቹ ትናንት የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰክተው ከፊት ይቀመጣሉ። እኔ ከኋላ፣ ከድንኳኑ ጋር።

አንድ ቀን ለወይዘሮ ይመኙሽ «እኔም እኮ ማስጎብኘት እችላለሁ። የደብሮቹን ታሪክ ከእነዚህ ልጆች ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው» ብላት፣ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ዕብራይስጥ ተማርና የምስክር ወረቀትህን ይዘህ ና። እስከዚያው ግን ሻንጣውን» አለችኝ።

አዘዞ ካለ አንድ ኮሌጅ ዘመናዊ ዕብራይስጥና የእስራኤልን ማኅበረሰብ አኗኗር የሚያስተምር ክፍል ተከፍቶ ነበር። ቅዳሜ አይሆንም ያሉ ነበሩ፤ እሑድም አይሆንም ያልን ነበርን፤ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አሥረኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ስለ ጨረስኩ ተቀበሉኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤተሰቦቻቸው ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት የጠበቁ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ጥምጣም አየሁ። ጥምጣሙን ሳይሆን ማጅራቱን ነው የለየሁት። መሪጌታ ልዑልቃል ነበር።

ይህን ሰው ከጥንት አውቀዋለሁ። ሁለታችንም ቁስቋም ከየኔታ ገብረ ኪዳን ጉባኤ ቤት ቅኔ ተምረናል። እኔ ከዳባት ገጠር አኮፋዳዬን አንግቤ የመጣሁ ጀማሪ፣ እሱ ደግሞ ጀማሪዎችን የሚያስነግር ነባር ተማሪ። በጉባኤ ቤታችን ሥርዓት ጀማሪ ቅኔውን መጀመሪያ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ሰምቶ ሲያሳልፈው ነው ከየኔታ ፊት የሚቀርበው። ለኅዳር ቁስቋም በዓል ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ሠራሁ። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ የአገሯ ድንጋይ በሩን ዘጋባት፣ የግብፅ አሸዋ ግን አልጋ አነጠፈላት የምትል ናት። ቀሃ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ለልዑልቃል ነገርኩት።

«ጥሬ ናት፤ ተዋት» አለኝ።

ተውኳት። በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ ጢም ብሎ በቆመበት ማኅሌት ላይ ልዑልቃል እሷኑ ተቀኛት። አንዲት ቃል አልለወጠም። ካህናቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። «የእኔ ናት» ብዬ ለየኔታ ብናገር፣ «ጀማሪ አስነጋሪውን አይከስም» አሉኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ታዘዝኩ፤ ወደቅሁ። በማግስቱ አኮፋዳዬን አንግቤ ወጣሁ። እሱ መሪጌታ ሆነ፤ እኔ ሻንጣ ጫኝ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ሰው የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ቅኔ የአወቀ ናት ብሎ በሰው ፊት ይናገር። ይቅርታውን ለራሱ ያስቀምጠው።

ክፍል ውስጥ አየኝ። «አወቀ! ምነው ጠፋህ?» አለኝ፣ ትናንት እንደ ተለያየን ሁሉ።

«አለሁ መሪጌታ። እርስዎስ ዕብራይስጥ ለምንዎ ነው?»

«ዳዊትን በቀደመው ልሳኑ ላየው ብዬ።»

መምህርታችን ዓይናዲስ ትባላለች። ወለቃ ተወልዳ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር እስራኤል ሄዳ እዚያው ያደገች ናት። አማርኛዋ የእኛው ነው፤ ጥድፊያዋ ግን የሌላ አገር። መሪጌታ ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «መምህርት ሆይ» ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ዓይናዲስ።»

«እሺ፣ እመቤት ዓይናዲስ...»

«ዓይናዲስ ብቻ። አንተ ማን ነህ?»

 እናቱ ካረፉ ወዲህ ይህን ሰው በአደባባይ «አንተ» ያለው ያለ አይመስለኝም።

«መሪጌታ ልዑልቃል» አለ።

«ልዑልቃል። ጥሩ። እዚያ አገር ተማሪ መምህሩን በስሙ ይጠራል። ሲሳሳት ተሳስተሃል ይለዋል። መምህሩም ይከራከራል እንጂ አይቆጣም። ይህን ካልለመዳችሁ ቋንቋውን ብታውቁትም ከሰዎቹ ጋር አትኖሩም። እዚህ ክፍል ውስጥ አባ የለም፣ አያ የለም፣ እትዬ የለም።»

በሆዴ «ሸጋ ነው» አልኩ። ግን ለእኔም አልቀናኝም። አንድ ቀን ሆን ብላ «የፋሲልን ግንብ የሠራው ጣሊያን ነው» አለችና «በሉ ተሟገቱኝ» ብላ ቆመች። ልጆቹ ጮኹ፤ አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ። እኔ አፌ አልከፈት አለኝ። መሪጌታማ «እርስዎ ካሉ ይሆናል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። እንኳን መምህር፣ የመምህር ወንበር አይነቀፍም ተብለን ነው ያደግነው።

ደግሞ እኔና እሱ የምናውቀው መማር አንድ ዓይነት ነው፤ የተሰጠህን በቃልህ መያዝ። ዳዊትንም የያዝነው እንደዚያ ነው። የዕብራይስጡንም መማሪያ መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ጀምረን ጠያቂውንም መላሹንም ሆነን ሸመደድነው። እሱ ቁስቋም ደጅ ዝግባ ሥር እየተንጎራደደ፣ እኔ ማኪና ጣራ ላይ ገመድ እየቋጠርኩ። ልጆቹ ሲሰናከሉ እኛ አንዲት ፊደል አንስትም። ግን ዓይናዲስ በዕብራይስጥ «ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «ሃይፋ ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ሁለት ወንድሞች አሉኝ» አልኩ። ምዕራፍ ሁለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አያ አወቀ፣ ፎቁ ሊፍት አለው ወይስ ሻንጣውን በደረጃ ነው?» አለችኝ ሚስጥር የምትባል ምላሰኛ ልጅ።

መሪጌታም ሳቀ። ያው ጥያቄ እሱ ዘንድ ሲደርስ «ይቅርታ፣ የባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» ብሎ መለሰ። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ለአንድ ሳምንት ሳቅሁ።

ዓይናዲስ አልሳቀችም። «እናንተ ሁለታችሁ መጽሐፍ ትደግማላችሁ እንጂ አትናገሩም። የመጨረሻው ፈተና የቃል ነው። የዚያን ቀን ብትደግሙ እጥላችኋለሁ፤ የምስክር ወረቀትም የለም» አለች።

የፈተናው ርእስ ጠብ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነን እንገባለን፤ አንዱ ሌላውን ይከሳል፣ ሌላው ይመልሳል። ልጆቹ ተጠራርተው ተያያዙ። ከሽማግሌ ጋር ማን ይገባል? እኔና እሱ ቀረን።

በረንዳው ላይ ተራችንን ስንጠብቅ ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ «ምዕራፍ ሰባትን እንበል። የጎረቤታሞቹን። እኔ ሙዚቃ የሚያስጮኸው ልሁን፣ አንተ ተቆጣ» አለኝ።

«እርስዎ? ሙዚቃ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ መጽሐፉ እንዲያ ይላል!»

«ከደገማችሁ እጥላለሁ ብላለች እኮ።»

«ትንሽ ፊታችንን ብናጠቁር አይታወቅም።»

ከእሱ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ገባን። ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ ዓይናዲስ በመሐል። «ሙዚቃህ በጣም ይጮኻል፤ ልጄ ተኝቷል» አልኩ በዕብራይስጥ፣ ፊቴን አጥቁሬ።

«ቤቴ ነው፤ የፈለግሁትን አደርጋለሁ» አለ እሱ። ክፋቱ፣ እንደ ዳዊት አዜመው።

ዓይናዲስ እስክሪብቶዋን ጣለች። «ምዕራፍ ሰባት! በቃ። ከራሳችሁ አንድ ነገር ተናገሩ። ከሌላችሁ ውጡና የሚቀጥሉት ይግቡ።»

 ወረቀቱ ሄደ አልኩ። ወይዘሮ ይመኙሽ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሻንጣውን» ስትለኝ ታየኝ። ከራሴ የምናገረው ፈለግሁ። ከራሴ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«ልዑልቃል» አልኩ። ያለ መሪጌታ። የገዛ ጆሮዬ ደነገጠ።

ቀና አለ።

«አታ ጋናቭታ ሊ ሺር» አልኩት። አንተ ግጥም ሰርቀኸኛል ማለት ነው። ቅኔን በዕብራይስጥ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ በግጥም አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ቃሉን እንደ መጣልኝ ወረወርኩት። ወንዝ። ልብስ። እኔ ለአንተ ተናገርኩ። አንተ ጥሩ አይደለም አልህ። በዓል። ብዙ ሰው። አንተ ተናገርህ። ሁሉም ጥሩ ጥሩ አሉ። እኔ መሬት። ፊቴ መሬት። አንዱ ከአንዱ የተያያዘ አልነበረም። ግን ከየትኛውም ምዕራፍ አልመጣም። በአማርኛ ቢሆን ገና «መሪጌታ» ብዬ ስጀምር ጉልበቴ ይታጠፍ ነበር።

ዓይናዲስ ወደ እሱ ዞረች። «መልስለት እንጂ!»

ጥምጣሙን ነካ ነካ አደረገ።   ከዚያ «አኒ ሎ ዞኼር» አለ። አላስታውስም።

«ትዋሻለህ!» አልኩት። ይህችን ልጆቹ በዕብራይስጥ ሲሰዳደቡ ነው የለቀምኳት።

«አኒ ሎ ዞኼር» አለ ደግሞ፤ አሁን ግን ድምፁ ቀነሰ፤ ዜማ አልነበረውም።

ዓይናዲስ ትጽፍ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል። «አያችሁ? እንዲህ ነው የምላችሁ! ቃላቱ ስብርብራቸው ወጥቷል፣ ግን ተነጋገራችሁ። ሁለታችሁም አልፋችኋል። ለመሆኑ ይህን የግጥም ነገር ከየት አመጣችሁት?»

ደብተሬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከኮሌጁ በር ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «አላስታውስም ያልኩት» አለኝ፣ «ሌላ ቃል አጥቼ ነው።»

«አሁን በአማርኛ ነን መሪጌታ። ቃል ሞልቷል።»

ወደ መንገዱ አየ። «አስታውሳለሁ» አለ። «ቀሃ ነበር። አንተ ሸማህን ድንጋይ ላይ ትደበድብ ነበር።»

«ታዲያ ያቺን ቅኔ ለተማሪዎችዎ ሲያስተምሩ የማን ናት ይሏቸዋል?»

«የቀደሙ አባቶች ናት እላለሁ።»

«እኔ እኮ አልሞትኩም! መቼ ነው የቀደምኩት?»

ሚኒባሷ ደረሰች። ረዳቱ «አባታችን ከፊት ይግቡ፣ ከፊት!» ብሎ በር ከፈተለት። እኔን ከኋላ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አጣበቀኝ።

ወረቀቱን ለወይዘሮ ይመኙሽ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና «በል እንግዲህ ሞክር» አለች። ከመስቀል በኋላ የመጀመሪያዎቹን እንግዶቼን ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አሳየኋቸው። እዚያው አጠገብ ዝግባው ሥር የመሪጌታ ተማሪዎች ተቀምጠው ለበዓሉ ያጠናሉ። ቀረብ ስንል ሰማሁ። ምሳሌ እንድትሆናቸው ተነግራቸው እየደጋገሙ የሚሏት የእኔን ጉባኤ ቃና ነበር።

ከእንግዶቹ አንዲት አሮጊት «ምንድን ነው የሚሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳልመልስ መሪጌታ ከደጀ ሰላሙ ወጣ። እኔን አየ፣ እንግዶቹን አየ። መቋሚያውን ወደ እኔ ቀስሮ በዕብራይስጥ «ይህ ግጥም ነው። የአወቀ ግጥም ነው» አላቸው።

እንግዶቹ «ያፌ፣ ያፌ» አሉ፤ ውብ ነው ማለታቸው ነው። ፎቶ አነሡ። ተማሪዎቹ ምንም አልገባቸውም። በግቢው የነበሩት ካህናትም አልገባቸውም። ተናገረልኝ፤ ግን የእኔ ሰው በማይሰማው ቋንቋ። ባዶ ቤት ገብቶ እንደ መማል ነው።

«መሪጌታ፣ በአማርኛ ይድገሙት» አልኩ። ድምፄን አልቀነስኩም።

«እንግዶችህ ይጠብቁሃል።»

«ይጠብቁ። ለእነዚህ ልጆች ይንገሯቸው። ዓይናዲስ ብትኖር ከራስህ ተናገር ትልዎት ነበር።»

ስሟን ሲሰማ ሳቅ ሊል ብሎ ተወው።  እንደማይለው ቆርጬ እግሬን ሳነሣ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ይህችን ጉባኤ ቃና የሠራት አወቀ ነው። ይኸው ቆሟል። እኔ ከእሱ ወስጄ የእኔ ናት አልኩ።»

 ከልጆቹ አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «ሻንጣ ጫኙ?» አለ። ሰማሁት።

መሪጌታም ሰምቶታል። «ተነሥ አንተ! ሁላችሁም ተነሡ! ባለቅኔው ቆሞ ተማሪ ይቀመጣል?»

ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው እጅ ነሡኝ። ይህን ስላለ ታርቀናል ማለት አይደለም። የወደቅሁበት መሬት ከዚያው ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

አሮጊቷ ልጆቹ ለምን እንደ ተነሡ ጠየቀችኝ። ረጅም ነው፤ ቃሉም አልነበረኝም። «ሺር ሼሊ» አልኳት። የእኔ ግጥም።

ከዚያ ወደ ማኪናው ተመለስን። ጣራው ላይ ወጥቼ ሻንጣቸውን አሰርኩ። ለዚያ ሥራ ወይዘሮ ይመኙሽ እስካሁን ሌላ ሰው አልቀጠረችም።