የተዘጋ ሣር

ጠጄ ወደ ምንጩ ስትወርድ የኮከቤ እንስራ ገና እስከ ግማሽ አልሞላም ነበር። ኮከቤ ግን ጎረቤቷን ስታይ በጎደለው እንስራ አፍ ላይ ቅጠል ወተፈችና በገመድ አዝላው፣ ቀና ሳትል በወዲያኛው መንገድ ወጣች። ጠጄ «እንደምን አደርሽ» ያለችው ለጀርባዋ ነበር። መልስ ሆኖ የመጣላት እንስራው ውስጥ የሚንቦጫረቀው ውሃ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። የጠጄ ባል ፈንታ በሞተ በዓመቱ የቤቷ ክዳን በስብሶ ዝናቡ መደቡ ድረስ ሲወርድባት፣ ከመንደሩ በላይ ወዳለው የጋራ የሣር ተራራ፣ ወደ ጓሳ፣ ወጥታ ሣር አጨደች። ሣሩ ግን ተዘግቶ ነበር፤ አገሩ መክሮ እስኪከፍተው ድረስ ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። ሽማግሎቹ አንድ በግ ቀጧት። እሷም በሐዘኗ ላይ እልህ ተጨምሮባት ወረዳ ድረስ ሄዳ ከሰሰቻቸው። ወጣቱ ዳኛ «የት ተጽፏል?» ሲላቸው ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የትም አልተጻፈም። ረታች።

በእሑዱ፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፉት አባ አፈወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠርተው አቆሟት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ልጄ፣ ዳኛው ነፃ ነሽ ብሎሻል። እኛም ተቀብለናል። እንግዲህ ከእኛም ነፃ ነሽ።»

ያን ቀን አልገባትም። የገባት ገብሷ ደርሶ ለደቦ የሚመጣላት ስታጣ፣ ታማ ስትተኛ «እግዜር ይማርሽ» የሚላት ሲጠፋ ነው። የሰደባት የለም፤ የነካትም የለም።

ዛሬ አንዲት በጓ ጠፍታባት በጉም ውስጥ እየፈለገች ጓሳ ወጣች። ከጅብራ ዛፎቹ ማዶ ማጭድ ሲከረክር ሰማች። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች በቅሎዎቻቸውን አቁመው ያጭዳሉ፤ ያሰሩት ሣር ተከምሯል።

አይታ እንዳላየች ማለፍ ትችል ነበር። እግሯ ግን እምቢ አላት።

«ሣሩ የተዘጋ ነው» አለች።

ትልቁ ሰውዬ ቀና አለ። «ማን ነው የዘጋው?»

«እኛ።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷን አስደነገጣት።

«እናንተ?» ሰውዬው ግራ ቀኟን ቃኘ። «ብቻሽን አይደለሽም እንዴ፣ እቴ? ደግሞስ የት ተጽፏል?»

ጠጄም ዞር ብላ አየች፤ ከኋላዋ ጉም ብቻ ነበር። ያኔ ዳኛው ይህንኑ ሲጠይቃቸው ሽማግሎቹም እርስ በርስ ተያይተው ነበር፤ እነሱ ግን የሚያዩት የጓደኛ ፊት ነበራቸው።

ወደ ገደሉ አፍ ሄደች። እጆቿን አፏ ላይ ከልላ፣ ያላት ትንፋሽ እስኪያልቅ ጮኸች።

«ኡኡ! ያገር ሰው! ጓሳ ታጨደ! ኡኡ!»

ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው። ታች ያለው መንደር አይታይም። ኡኡታ የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ የእሷን ኡኡታ የሰማስ? ይህን የነገራት አልነበረም። አንድ ውሻ ጮኸና ዝም አለ።

ሰዎቹም ማጭዳቸውን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ ቁልቁለቱ ጥለዋል።

«ይመጣሉ?» አላት ታናሹ። እያፌዘባት አልነበረም፤ የእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

ጠጄ ሄዳ ከታሰረው ሣር ላይ ተቀመጠችበትና የበግ ጠጉር ባናዋን ትከሻዋ ላይ ሰብስባ፣ ፊቷን ከታች ወደሚመጣው መንገድ አዞረች።