ሰባት ደቂቃ እና የእማማ እጅ

እማማ ሰማይ ሲጠቁር አርፈው መቀመጥ አይችሉም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት መብረቅ ቴሌቪዥናቸውን ካቃጠለባቸው ወዲህ፣ ገና ደመና ሲሰበሰብ የቤቱን ሶኬት ሁሉ እየዞሩ ይነቅላሉ።

ዛሬ ግን የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ አሮጌውን ኮምፒውተር መስኮት ስር አምጥታ ሆዱን ከፍታዋለች። ሚጢጢ ይሏታል እንጂ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ጥልፍ ሠሪ ናት። የጥልፍ መኪናዋን የሚያዘው ይኸው ኮምፒውተር ነው፤ የሰማንያ ሕፃናት ዩኒፎርም ደግሞ ሰኞ ይደርሳል ብላለች።

"ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጫለሁ" አለች፣ ከብስኩት የማትወፍር ነገር እያሳየች። "የቀረው ባዮሱን ማደስ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው እሱ ነው፤ ይሄኛው አርጅቶ አዲሱን አነሳስ አያውቅም።"

"እኔስ መች አወቅኩ? ማን አደሰኝ?"

"ሰባት ደቂቃ ነው። መሀል ላይ መብራት ከተቋረጠበት ቦርዱ ይሞታል። መኪናው ደግሞ ከዚህ ሌላ ኮምፒውተር አይሰማም።"

"ታዲያ ለምን ትነካኪዋለሽ? እየተንፏቀቀም ቢሆን ይነሳ የለ እንዴ?"

"ትናንት በሦስተኛው ሙከራ ነው የተነሳው።"

ሚጢጢ ከጎረቤት የተዋሰችውን ከባድ ጥቁር ሳጥን እማማ በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ይሄ ጡብስ?"

"ለክፉ ቀን ነው።"

"ክፉ ቀን አትጥሪ።"

ሚጢጢ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ መቁጠር ጀመረ። ሰማዩም ያኔውኑ አጉረመረመ።

"እማማ።"

"ምን አደረግኩ?"

"እጅሽ።"

ሳይታወቃቸው ሊነቅል የተነሳውን እጃቸውን ብብታቸው ስር ወሸቁት። ሰማዩ ሲደግም ግን "ፍሪጁን ብቻ" ብለው ወጡ። ፍሪጁን ነቀሉ፤ ካውያውን ነቀሉ፤ ሬዲዮኑን ነቀሉ፤ ልባቸውም በየሶኬቱ ትንሽ ትንሽ ረጋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ነጭ ገመድ አገኙ። የማን እንደሆነ ባያውቁትም ለማንኛውም ብለው ነቀሉት።

ከክፍሉ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ።

እማማ ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት። በበሩ ስር ሾልኮ ይገባል።

"ገደልኩት?" አሉ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ የገመዱን ጫፍ እንደያዙ።

"ስልሳ አንድ በመቶ" አለች ሚጢጢ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። "ሂጂና መልሰሽ ሰኪው።"

የሚጮኸው ጥቁሩ ሳጥን ነበር። ለካ ውስጡ መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ አለ።

"መብራት ይጠፋል ብለሽ ፈርተሽ ነው የተዋስሽው?"

"መብራቱንስ አምነዋለሁ እማማ።"

ሊቆጧት አሰቡና አቅም አጡ። ሄደው ሰኩት፤ እስኪያልቅም እንደ ዘበኛ አጠገቡ ቆሙ።

መቶ ሲሞላ ሚጢጢ አዲሱን ዲስክ አስመርጣ ኮምፒውተሩን አስነሳችው። ድሮ እሱ እስኪነሳ እማማ ዕቃ አጥበው ይጨርሱ ነበር። አሁን መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ዩኒፎርሙ ላይ የምትጠለፈው ቢራቢሮ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላለች።

"ምን አስቸኮለው?" አሉ በጥርጣሬ።

ነጎድጓዱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሚጢጢ ኮምፒውተሩን በወጉ አጠፋችና ወንበሯን ገፋች።

"በይ፣ አሁን ንቀዪ።"

ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ እማማ ኮሪደሩ ደርሰዋል።