ዕልል ያልተባለለት

ወርቅነሽ ሠላሳ ዓመት በእጇ የኖረውን የአዋላጅነት ሙያ እንደ አዲስ ልትማር ከመንደሯ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ሥልጠና መምጣቷ መንደሩን አስቆ ነበር። ይባስ ብሎ አስተማሪው ነርስ ደረጄ ሆነ፤ የጎረቤቷ የፈንታነሽ ልጅ፣ እትብቱን ራሷ የቆረጠችው።

ደረጄ የጎማውን አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ አጋደመ። «ሕፃኑ ካልተነፈሰ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ አይጠበቅም። በደረቅ ጨርቅ አደራርቃችሁ ጀርባውን ታሻሻላችሁ፤ ካልሆነ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ አፍና አፍንጫውን በአፋችሁ ሸፍናችሁ እፍ ትሉበታላችሁ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ።»

ተራዋ ሲደርስ ወርቅነሽ በሙሉ ትንፋሿ ነፋችበት።

«ወናፍ መሰለሽ እንዴ፣ አንች?» አለች አብራት የመጣችው ዝናሽ። «ማረሻ ልታግይበት ነው?» አብረው የሚሠለጥኑት ሴቶች ሳቁ።

«በጉንጭዎ ያለችው አየር ትበቃዋለች፣ እትየ» አለ ደረጄ።

ቀስ ብላ እፍ አለች። የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ወርቅነሽ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ደረጄ ሲወለድ መንታ ነበር። ተከትሎት የወጣው ነጣ ያለ፣ ልፍስፍስ፣ ድምፅ አልባ ሕፃን ነበር። እርሷም እንደ እናቷ ወግ እንግዴ ልጁን ስትጠብቅ፣ ያንን በነጠላ ሸፍና ከመደቡ ጥግ አኖረችው። ለደረጄ ሰባት ጊዜ ዕልል ተባለ፤ ለወንድሙ ማንም አፉን አልከፈተም። «ሞቶ ነው የተወለደ» ያለችው እርሷ ናት። ፈንታነሽም ቃሏን እንደ ፈጣሪ ፍርድ ተቀብላ ሃያ አምስት ዓመት ኖረችበት። ያኔ አለማወቅ የሸፈነውን፣ ዛሬ እውቀት ወደ ኋላ ተመልሶ ገለጠው።

ሴቶቹ ሲወጡ እርሷ ቀረች።

«ደረጄ፣ የማላውቀውን እንደማውቅ ተናግሬያለሁ። ወንድምህ ሞቶ አልተወለደ ይሆናል። ዞሬም አላየሁት።»

ደረጄ አሻንጉሊቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«እፍ ብዬበት ቢሆን ይተነፍስ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም፣ እትየ።» ቀጥሎም፣ «ለእናቴ ነግረዋታል?»

«አልነገርኋት። ከነገርኋት ደጃፏን ዳግመኛ አልረግጥ ይሆናል።»

«እኔ አልነግርልዎም» አለ፣ ሳይቆጣም ሳያጽናናም። ከዚያ አሻንጉሊቱን መለሰላት። «አንድ ጊዜ ይድገሙት። አሁንም ትንሽ ይበዛል።»

ወርቅነሽ ጎንበስ ብላ እፍ አለች፤ ሻማ የማታጠፋ ትንፋሽ። ደረቱ ተነሣ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለፈንታነሽ የምትናገረውን የመጀመሪያ ቃል እየፈለገች፣ ወደ ገሳይ መኪና መሳፈሪያው ሄደች።